አንድ ሜትር ተኩልና አንዲት ፊደል

ጋሽ ሆሄ የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ጎረምሳ ሳለ አንድ የጭነት መኪና በመሰላሉ ጎትቶት ሄደ። ያን ጊዜ የቤት ቀለም ቀቢ ረዳት ነበር። ብስክሌቱን እየነዳ፣ ባለ ዘጠኝ ደረጃ መሰላል በትከሻው አንግቶ ወደ ሥራ ሲሄድ መኪናው ከኋላው ደረሰበት። ሾፌሩ ቦታ ሳይተውለት በጎኑ ታክኮ ሊያልፍ ሲል የመሰላሉ ጫፍ በጭነቱ ገመድ ተያዘ። መኪናው አልቆመም። መሰላሉ መኪናውን ተከተለ፤ እሱ መሰላሉን ተከተለ። ብልህ ሆና የተገኘችው ብስክሌቷ ብቻ ነበረች፤ እዚያው ወድቃ ቀረች።

ግራ እግሩ ሁለት ቦታ ተሰበረ። ሾፌሩ ብርቱካን ይዞ ሆስፒታል ድረስ መጥቶ ጠየቀው።

«አይዞህ ወንድሜ» አለው አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጦ፣ «ጥፋቱ የአንተ አይደለም።»

«ታዲያ የማን ነው?»

«የመሰላሉ ነዋ!»

የትራፊክ ፖሊሱም ሪፖርት ከዚህ ብዙ አልራቀም። ባለቤትነቱ ያልተረጋገጠ መሰላል በሥርዓት ይጓዝ የነበረ የጭነት መኪናን እንደ ገጨ ይገልጻል። በሽተኛው ስለ ራሱ በዚያ ሪፖርት ውስጥ ቢፈልግ ቢፈልግ ሊያገኝ አልቻለም፤ መጨረሻ ላይ «ሌሎች ንብረቶች» በሚለው ሥር ከብስክሌቷ ቀጥሎ ተገኘ።

አሥር ወር ተኛ። ከአልጋው ፊት ለፊት ግድግዳው ላይ «ጮክ ብሎ ማውራት ክልክል ነው» የሚል ጽሑፍ ነበር። ጻፊው ቦታውን ሳይለካ ስለ ጀመረ «ክልክል» እየጠበበ ሄዶ «ነው» የበሩ መቃን ላይ ተንጠልጥሏል። ፊደሎቹ እንደ ሰካራም አንዱ በአንዱ ላይ ተደግፈዋል። ጋሽ ሆሄ ሲያወራው «ከእኔ እግር ይልቅ የባሰ የተሰበረው ጽሑፉ ነበር» ይላል። ሐኪሞቹ እግሩን ሲያቃኑ እሱ በጣቱ ብርድ ልብሱ ላይ ጽሑፉን ያቃና ነበር። ከዳነ በኋላም ትንሽ ያነክሳል፤ ከፍ ያለ ቦታ ላይ ወጥቶ ቤት መቀባት አልቻለም። ስለዚህ ቁጭ ብሎ ታፔላ መጻፍ ጀመረ። «ሆሄ» የሚለው ቅጽል ስም ከዚያ በኋላ መጣ፤ እናቱ ያወጣችለትን ስም ዛሬ የሚያስታውሱት ሚስቱና መታወቂያው ብቻ ናቸው።

የሥራ ቤቱ ከእኔ ከጎረቤቱ ቤት ጋር ግድግዳ ትጋራለች። ጠባብ ናት። አኳራጅ ትሸታለች፤ ብሩሽ የሚታጠብበት እሱ ነው። ላሜራው ግድግዳ ተደግፎ ይቆማል። ኖራ የነካ ክር ከጫፍ ጫፍ ይወጥርና በሁለት ጣቱ ሳብ አድርጎ ይለቀዋል፤ ቀጥ ያለ ነጭ መስመር ይቀራል። ፊደሎቹ በዚያ መስመር ላይ ይቆማሉ። ከመስመሩ የወረደች ፊደል ካየ አኳራጅ በነካ ጨርቅ ጠርጎ እንደገና ይጀምራል።

ደንበኛ ያስቸግረዋል፤ እሱም ደንበኛን ያስቸግራል። አንድ ጊዜ ሥጋ ሻጩ ታፔላ ሊያጽፍ መጣ።

«በየትኛው ስ ነው የምትጽፈው?» አለ ሥጋ ሻጩ።

«ሥጋ በንጉሡ ሠ ነው።»

«በእሳቱ ሰ አድርግልኝ፤ እሱ ቀለም ይቆጥባል።»

«ስህተት ነው።»

«ጋሼ፣ ሥጋዬን ደንበኛ በየትኛውም ስ ይበላዋል!»

ሁለት ሰዓት ተጨቃጨቁ። በመጨረሻ ሥጋ ሻጩ ተሸነፈ፤ ታፔላው ግን በጣም ከማማሩ የተነሳ ሰው ቆሞ አይቶት ሥጋ ሳይገዛ ይሄዳል ብሎ እስከ ዛሬ ያማርራል።

ጋሽ ሆሄ አንዲት ሴት ልጅ አለችው። የላብራቶሪ ባለሙያ ናት፤ ከድልድዩ ማዶ ባለው ሆስፒታል ትሠራለች። አውቶቡሱ ሲፈልግ ስለሚመጣና ሲፈልግ ስለሚቀር ብስክሌት ገዛች። አባቷ አልተቃወመም። ብስክሌቷን አገላብጦ አየ፤ ፍሬኗን ሞከረ፤ ከዚያ ወደ ሥራ ቤቱ ገባና በሩን ዘጋ።

የፈራው ብስክሌቷን አይደለም። በእኛ ከተማ ሾፌር ብስክሌተኛ ሲያልፍ ጡሩንባ ይነፋል። ጡሩንባው «ተጠንቀቅ» ማለት አይደለም። «ነግሬህ ነበር» ማለት ነው፤ በኋላ ነገር ቢመጣ ለምስክርነት ይጠቅማል። በብስክሌትና በመኪና መካከል ያለው ርቀት በሜትር አይለካም፤ በጸሎት ነው የሚለካው። ሾፌሩ ካለፈ በኋላ በመስተዋት ወደ ኋላ ያያል። ብስክሌተኛው ከቆመ ርቀቱ በቂ ነበር ማለት ነው። ከወደቀም ብስክሌተኛው መንዳት አይችልም ነበር ማለት ነው።

አንድ ቀን ልጅቷ ክርኗ በልዞ ገባች። የአንድ ቤት መኪና የጎን መስተዋት ነው ያገኛት። እናቷ፣ ልብስ ሰፊዋ፣ የስፌት መኪናዋን አቁማ በረዶ በጨርቅ ጠቅልላ ያዘችላት።

«ቆመ ወይ?» አለች እናት።

«ቆመ። ወርዶ መስተዋቱን አየና 'ተሰንጥቆ ቢሆን ኖሮ ታገኚው ነበር' ብሎኝ ሄደ።»

አባት ክርኗን አየ። ከዚያ ሦስት ቀን ሙሉ አንዲት ፊደል አልጻፈም። እኔ በግድግዳው በኩል ክሩ ላሜራውን ሲመታ ስላልሰማሁ ታመመ ብዬ ሄጄ ጠይቄዋለሁ።

በዚያው ሰሞን የመንገድ ጽሕፈት ቤቱ አዲስ ደንብ አወጣ። ተሽከርካሪ ብስክሌተኛን ሲያልፍ አንድ ሜትር ተኩል ይራቅ የሚል ነው። ደንቡ መልካም ነው። ስለ ርቀት ለመምከር የሦስት ቀን ስብሰባ ተጠራ፤ አዳራሹ ከመጥበቡ የተነሳ ሰው በሰው ጭን ላይ ተቀምጦ መከረ። ከስብሰባው መጨረሻ ከድልድዩ እስከ ሆስፒታሉ አሥራ ሁለት ታፔላ እንዲቆም ተወሰነ፤ ጻፊ ተፈለገ፤ ጋሽ ሆሄ ተመረጠ።

ዜናውን ሲሰማ ፂሙን ተላጨ። በዚያ መንገድ ልጁ በየቀኑ ሁለት ጊዜ ታልፋለች። ለሥጋ ሻጭ ሁለት ሰዓት የተጨቃጨቀ ሰው ለልጁ መንገድ ምን ያህል ሊጠነቀቅ እንደሚችል አስቡት።

ከዚያ ጽሑፉ መጣ፤ በወረቀት፣ በሰባት ፊርማና በክብ ማኅተም። እንዲህ ይላል፦ «ተሽከርካሪና ብስክሌት ሲተላለፉ የአንድ ሜትር ተኩል ርቀት ይጥበቅ።»

ጋሽ ሆሄ መነጽሩን አውልቆ ጠረገው። መልሶ አደረገው። አሁንም «ይጥበቅ» ነው። ወረቀቱን አጥፎ በደረት ኪሱ ከተተና ወደ ጽሕፈት ቤቱ ሄደ።

የመዝገብ ቤቷ ሠራተኛ ወረቀቱን ተቀብላ ከላይ እስከ ታች አየችው።

«ጋሼ፣ ማኅተሙን አላዩትም እንዴ?»

«አየሁት እናቴ። ማኅተሙ ጤነኛ ነው። የታመመችው ፊደሏ ናት።»

«ማኅተሙ ጤነኛ ከሆነ ፊደሏም ጤነኛ ናት።»

ወደ ትራፊክ ደኅንነት ባለሙያው መራችው። ባለሙያው ወጣት ነው፤ ወረቀቱን በአንድ ትንፋሽ አነበበው።

«'የአንድ ሜትር ተኩል ርቀት ይጠበቅ።' ታዲያ ምን ችግር አለው?»

«'ይጠበቅ' ያልከው አንተ ነህ ልጄ። ወረቀቱ 'ይጥበቅ' ነው የሚለው።»

«ያው ነው።»

«ያው አይደለም። ብሎን ይጥበቅ። ገመድ ይጥበቅ። ርቀት ግን ይጠበቅ ነው የሚባለው። ርቀት ጠበቀ ማለትማ ብስክሌቷ ከመኪናው ጋር ተጣበቀች ማለት ነው።»

ባለሙያው ሰዓቱን አየ። «ጋሼ፣ ይህን ጽሑፍ ሰባት ሰው ፈርሞበታል። እርስዎ ስንተኛው ነዎት?»

«በመፈረም ስምንተኛ ብሆን ነው። በማንበብ ግን የመጀመሪያው ሳልሆን አልቀርም።»

ይህች መልስ አልጠቀመችውም። እንደ ተጻፈው እንዲጽፍ፣ አለዚያ ሥራውን እንዲመልስ ተነገረው።

ማታ ቤት ውስጥ ምክር ሆነ። «ተውላቸው አባዬ» አለች ልጅቷ፣ «አልጽፍም በላቸው።»

እናት የስፌት መኪናዋን መርገጥ አላቆመችም። «እሱ እምቢ ቢል ሥራው ለማተሚያ ቤቱ ይሰጣል። ያ ማሽን ደግሞ አያነብም፤ ያጎረሱትን ይተፋል። አሥራ ሁለት ጊዜ 'ይጥበቅ' ተብሎ መንገዱ ዳር ይቆምልሻል፤ አንቺም በሥሩ ታልፊያለሽ።»

«ሾፌሮች እኮ ታፔላ አያነቡም እማዬ።»

«የማይመቻቸውን አያነቡም። ይህንን ግን ከሩቅ ያነቡታል! ነገ አንዱ ገጭቶሽ 'ምን ላድርግ፣ ጥበቅ ተብዬ ነው' ቢልስ?»

ልጅቷ ሳቀች። አባቷ አልሳቀም። የመሰላሉን ሪፖርት ጽፈው ያነበቡለት ሰው ነውና እንዲህ ያለ ነገር ቀልድ ሆኖ እንደማይቀር ያውቃል። በማግሥቱ በጠዋት ተነስቶ ክሩን ወጠረ። የመጀመሪያውን ታፔላ «ርቀት ይጠበቅ» ብሎ ጻፈና ለብቻው ሄዶ ድልድዩ አፍ ላይ አቆመው።

አራት ቀን ማንም ምንም አላለም። በአምስተኛው ቀን ከጽሕፈት ቤቱ አንድ ተቆጣጣሪ መጣ። ይህ ሰው ሥራውን የሚያውቅ ነው፤ ምክንያቱም አያነብም፣ ያመሳክራል። ወረቀቱን በግራ እጁ ይዞ፣ በቀኝ ጣቱ የታፔላውን ፊደሎች እየቆጠረ ሄደና አንዲት ፊደል ላይ ቆመ። የፊደሏ ቅርጽ ከወረቀቱ ይለያል። የትኛዋ ትክክል እንደ ሆነች አልጠየቀም፤ ማኅተም ያላት አንዷ ብቻ ናት። ወዲያው «የጸደቀ ጽሑፍን ያለ ፈቃድ ስለ መለወጥ» የሚል ደብዳቤ ወጣ፤ ጋሽ ሆሄ ቀርቦ እንዲያስረዳ ተጠራ። ካላስረዳ ታፔላው ይነሣል፤ ሥራው ወደ ማተሚያ ቤቱ ይሄዳል፤ አሥራ ሁለቱም «ይጥበቅ» ሆነው ይቆማሉ።

እኔ በምስክርነት አብሬው ሄድኩ። ሰባቱም ፈራሚዎች በረጅም ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጠዋል። በራስጌ የጽሕፈት ቤቱ ኃላፊ አለ፤ ወፍራም፣ ጨዋ፣ ረጋ ያለ ሰው።

«ያባት ወጉን እንነጋገር» አለ ኃላፊው። «ጽሑፋችን ምን ነውር አለበት? ይኸው፦ 'የአንድ ሜትር ተኩል ርቀት ይጠበቅ'። ግልጽ ነው።»

«ተቆጣጣሪው ያነሣውን የታፔላውን ፎቶስ ያንብቡልኝ» አለ ጋሽ ሆሄ።

«'የአንድ ሜትር ተኩል ርቀት ይጠበቅ'።»

«እንግዲያው አንድ ከሆኑ ለምን ተከሰስኩ?»

«ስለሚለያዩ ነዋ!» አለ ተቆጣጣሪው ከጥግ።

ወረቀቱ ጠረጴዛውን ዞረ። ሰባቱም አነበቡት፤ ሰባቱም «ይጠበቅ» አሉ። የተማረ ሰው ዓይን ፊደል ላይ አያርፍም፤ ሊናገር ያሰበውን ያነባል። እኔ ፊደል የለየሁት በስተርጅና ስለ ሆነ ዛሬም አንዷን ሳልጨርስ ሌላዋን አልነካም፤ ስለዚህ የነሱ ፍጥነት ገርሞኛል።

«ክቡር ኃላፊ፣ በጣትዎ እየነኩ ያንብቡት» አለ ጋሽ ሆሄ።

ኃላፊው ፊቱ ቀላ። «እርስዎ እኔን ፊደል ሊያስቆጥሩኝ ነው?»

በዚህ መካከል በሩ ተከፈተና የኃላፊው ሾፌር ገባ። ከተማው ሁሉ «ጠጋ በል» ብሎ ይጠራዋል፤ ብስክሌተኛ ሲያልፍ ጠጋ ከማለቱ የተነሳ የሰውየውን የጫማ ቀለም ነግሮህ ይሄዳል ይባልለታል። የመኪናውን ቁልፍ ሊያስረክብ ነበር የመጣው። ጋሽ ሆሄ ሲያየው ከወንበሩ ተነሣ።

«ወንድሜ፣ አንተ የማታ ትምህርት ጀምረሃል ሲሉ ሰምቻለሁ። እውነት ነው?»

«ሁለተኛ ዓመቴን ይዣለሁ ጋሼ» አለ ጠጋ በል ደረቱን ነፍቶ።

«እስቲ ይችን አንብብልን።»

ኃላፊው ሊከለክል አፉን ከፈተ፤ ሾፌሩ ግን ወረቀቱን ይዞ ወደ መስኮቱ ዞሯል። ለማንበብ ብርሃን የሚፈልግ ሰው ነው። ጣቱን አሳረፈ። «አንድ ሜትር ተኩል» የሚለው ላይ ለመድረስ ረጅም ጊዜ ወሰደበት።

«ር…ቀ…ት» አለ። ላቡን ጠረገ። «ይ…ጥ…በ…ቅ። ይጥበቅ!»

«ይጠበቅ ለማለት ነው» አለ ባለሙያው።

«ይጠበቅማ በጠ ነው ጌታዬ። መምህራችን በጠ እና በጥ ሁለት ሳምንት ነው የቀጠቀጡን። ይቺ ጥ ናት።» ጠጋ በል ወረቀቱን እንደገና አየው፤ ፊቱ ቀስ እያለ በራ። «ቆይ፣ ቆይ… ርቀቱ ይጥበቅ ነው የሚለው ደንቡ? ታዲያ እኔን በየስብሰባው 'ተጠግተህ ታልፋለህ' እያላችሁ ስትሰድቡኝ የከረማችሁት ምን አድርጌ ነው? እኔ ብቻ አይደለሁ እንዴ ደንቡን ያከበርኩት!»

አንዱ ፈራሚ ሳቀ፤ በሳል ሸፈነው። ሌላው ወረቀቱን ከሾፌሩ እጅ ወስዶ በጣቱ ነካ። ጣቱ «ጥ» ላይ ሲደርስ ቆመ። ከዚያ አንድ በአንድ ሁሉም ጣታቸውን ይዘው መጡ። ኃላፊው የመጨረሻው ነበር። ከዚያ ጣቱን አንሥቶ ማኅተሙ ላይ አሳረፈ።

«ማኅተም ያረፈበትን ጽሑፍ ተሳስቷል ማለት አይቻልም» አለ።

«አይቻልም» አሉ ስድስቱ።

«ሆኖም የመንገዱን ሁኔታ ግምት ውስጥ በማስገባት…»

ቃለ ጉባኤው እኔ ዘንድ ግልባጩ አለ። ፊደል «ጥ» በጸደቀው ጽሑፍ ውስጥ ባለችበት እንድትጸና፣ ፊደል «ጠ» ደግሞ በታፔላዎቹ ላይ ለሦስት ወር በጊዜያዊነት እንድታገለግል፣ አፈጻጸሟ እየታየ እንዲታደስላት ይላል። ጋሽ ሆሄ ውሳኔው ሲነበብለት እጅ ነሣ። ወደ ቤት ስንሄድ ብቻ ነው የሳቀው፤ ሲስቅም የሚያነክስበት እግሩ አላስሄድ ስላለው ሁለት ጊዜ ግንብ ላይ ተቀመጠ።

አሥራ አንዱን ታፔላ በሁለት ሳምንት ጨረሰ። ከተማው በአንድ ጊዜ ተለወጠ ብል ዋሸሁ። ገሚሱ ሾፌር ታፔላውን ለማንበብ ሲል ብስክሌተኛውን ሊገጭ ደረሰ። ገሚሱ አንድ ሜትር ተኩል ከየት ተነሥቶ እንደሚለካ ጠየቀ፤ ከመኪናው በር ነው ወይስ ከሾፌሩ ልብ? አንዱ ባለ ታክሲ «እኔ ርቀቴን ጠብቄአለሁ፤ እሱ ነው የእሱን ያልጠበቀው» ብሎ ከአንድ ዳቦ አዳይ ብስክሌተኛ ጋር ተካሰሰ።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ግን ልጅቷ ከሥራ ስትመለስ እየሳቀች ገባች። እኔ እዚያው ነበርኩ።

«አባዬ፣ ጠጋ በል ዛሬ ምን እንዳደረገ ታውቃለህ? ድልድዩ ላይ ከኋላዬ ደረሰ። ድልድዩ ጠባብ ነው፤ አንድ ሜትር ተኩል የለውም። እሱ ግን ቀስ አለ። አላለፈኝም። ድልድዩን ሙሉ በእኔ እርምጃ ከኋላዬ ተከተለኝ።»

«ኃላፊው አልነበረም?»

«ነበረ እንጂ! መስኮቱን አውርዶ 'እለፋት፣ ስብሰባ ረፈደብኝ!' እያለ ይጮሃል። ጠጋ በል ምን ቢለው ጥሩ ነው? 'ጌታዬ፣ እኔ አንብቤዋለሁ፤ ፊርማው የእርስዎ ነው።'»

እናት የስፌት መኪናዋን አቁማ ሳቀች። ጋሽ ሆሄ ብሩሹን አኳራጁ ውስጥ ነክሮ አጠበ።

ልጅቷ ልብሷን ልትቀይር ከገባች በኋላ፣ ይህን ልጽፍ እንዳሰብኩ ነገርኩት። በዚህ ሁሉ ዕድሜ ትልቁ ነገርህ ምን ነበር ብዬ ጠየቅኩት። ስለ ፊደል የሚነግረኝ መስሎኝ እርሳሴን አዘጋጅቻለሁ።

«ፊደል ነው ልበልህ እንዴ?» አለ። «ፊደልማ እንጀራዬ ነው። አንድ ነገር ልንገርህ፤ እንዳትስቅ። ይቺ ልጅ ብስክሌት ከገዛች ወዲህ አሥራ አንድ ሰዓት ሲሆን እጄ ይንቀጠቀጣል። ከዚያ ሰዓት በኋላ ፊደል አልጽፍም፤ ዳራ ብቻ ነው የምቀባው። ብስክሌቷን ግድግዳው ላይ ስታስደግፍ ኳ የሚል ድምፅ አለ፤ አንተም ሳትሰማው አትቀርም። እሱን ስሰማ እጄ ይረጋል። ለእኔ ትልቁ ነገር እሱ ነው። ሌላው ሁሉ ቀለም ነው።»